የሰፈራችን የግል የአፈር ግድብ ግርጌው ረጥቧል፤ ማንን ልጠይቅ?

ሐይቅ_ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ለመድረኩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ግን አሜሪካ ቤት የገዛችሁም፣ የውሃ ምህንድስና የተማራችሁም እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ልሞክር።

ያለነው ጆርጂያ፣ አትላንታ ዳርቻ ነው። ሰፈራችን መሃሉ ላይ ሐይቅ አለው። ሐይቅ ይበሉት እንጂ ሰው ሠራሽ ነው። ቦታው የእርሻ መሬት በነበረ ጊዜ ጅረቱን በአፈር ገድበው ያቆሙት ውሃ ነው። በኋላ ዙሪያው ተሸንሽኖ ቤት ተሠራበት። ስንገዛ «ሐይቅ የሚያይ ቤት» ተብሎ ዋጋው ላይ ተደምሮብናል። ስለ ግድቡ ግን ሪልተሩም፣ ቤቱን ያየልን ኢንስፔክተርም ትንፍሽ አላሉም።

ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ከግድቡ በስተኋላ፣ ግርጌው ላይ፣ ሣሩ በኦገስት ሐሩር እንኳ አረንጓዴ ነው። መሬቱ ይሰምጣል። ሣር የሚያጭደው ልጅ የማሽኑ ጎማ እየተቀረቀረበት ያንን ቦታ መዝለል ጀምሯል። እርጥበቱ መሃል ብርቱካንማ ዝቃጭ አለ፤ ቅባት የመሰለ ነገርም ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

ሌላም አለ። ግድቡ ላይ ትልልቅ ጥዶች በቅለዋል። ውሃው ሲሞላ የሚወጣበት የብረት ቱቦ አፉ ላይ ዓሣ እንዳያመልጥ ተብሎ ወንፊት ሽቦ ታስሮበታል። እና አናቱ ላይ በእግር የምንሄድበት መንገድ አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ብሏል። አፈር በተደፋበት ቁጥር መልሶ ይጎደጉዳል።

ለሰፈሩ ማኅበር ነገርኩ። «ኧረ ድሮም እንደዚያ ነው» ተባልኩ። ታች ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አሉ። እኔ ቤት ላይ ውሃው አይደርስም፤ እነሱ ላይ ነው የሚደርሰው። ማንን ልጠይቅ?

---

ኮንትራክተሩ፦

እህቴ አትጨነቂ። የሚያፈስበት ቦታ ላይ አንድ ሁለት ትራክ ሸክላ አፈር አስደፊና አስጠቅጥቂው፤ ይደፈናል። አገር ቤት ስንት ኩሬ እንደዚህ አድርገናል። መሐንዲስ ከጠራሽ ለወረቀቱ ብቻ ያራቁቱሻል።

---

ዝምተኛው፦

እኔ ደግሞ ሌላ ምክር አለኝ። ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም። አንዴ ለስቴት ካመለከትሽ ሰነድ ይሆናል፤ ከዚያ ቤትሽን ስትሸጪ ለገዢው መንገር ግዴታሽ ነው። ጎረቤቶችሽም ይጠምዱሻል። ግድቡ ስንት ዓመት ቆሞ የለ?

---

አሸዋና_ጠጠር፦

ወንድሜ ኮንትራክተሩ፣ በቅንነት እንደጻፍክ አያለሁ። ግን ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል እለምናለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው በአፈር ግድብ ላይ ነው። የአፈር ግድብ ሁሉ ያሰርጋል። የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም። ስለዚህ ጥያቄው «ውሃ ይወጣል ወይ?» አይደለም። «የሚወጣው ውሃ አፈር ይዞ ይወጣል ወይ?» ነው። ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ ይባል የለ? እዚህ ላይ ቃል በቃል ነው።

ልጄ ሐይቅ_ዳር፣ ውስጡ የሚታይ ጠርሙስ ውሰጂ። ውሃው በሚመነጭበት ቦታ ጭቃውን ሳትነኪ ሙይው፤ ሳትነቀንቂው አስቀምጪው። ውሃው ጠርቶ ከቆየና ታች ምንም ካልዘቀጠ፣ ስርገቱ ለጊዜው ገር ነው። ታች ደለል ከተኛ ግን ውሃው ግድቡን ከውስጥ እየበላው ነው። ይህን ነው በኛ ሙያ ፓይፒንግ የምንለው። ከመውጫው ይጀምራል፤ ቅንጣት በቅንጣት እያጠበ ወደ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ ይቆፍራል። ዋሻው ሐይቁ ጋ የደረሰ ዕለት የሚቀረው ሰዓት ነው።

ኢዳሆ ውስጥ የቲተን ግድብ የተናደው እንዲህ ነው። ያ የመንግሥት ነው፤ የግል አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 ጠዋት፣ በኛ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የደፈረሰ ውሃ ሲወጣ ታየ። ቀዳዳውን እንዲደፍኑ ሁለት ቡልዶዘሮች ተላኩ፤ ቀዳዳው ቡልዶዘሮቹን ራሳቸውን ዋጣቸው። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው 93 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ ተቀደደ። 11 ሰው ሞተ። ጥዋት ያየኸው ጭቃ ውሃ ምሳ ሰዓት አያደርስህም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሸክላ አፈሩ። ውሃው የሚወጣበትን በሸክላ ከደፈንከው ግፊቱ የት ይሄዳል? ውስጥ ይከማቻል። ግርጌውን ያላላዋል ወይም ሌላ ቦታ ፈንቅሎ ይወጣል። የሚደረገው ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ አሸዋ፣ ከላዩ ጠጠር፣ ከላዩ ድንጋይ ይደረብበታል። ውሃው ያልፋል፤ አፈሩ ግን ይያዛል። ፊልተር የምንለው እሱን ነው። የአሸዋው መጠን ደግሞ ከግድቡ አፈር ጋር መመጣጠን አለበት፤ ስለዚህ መሐንዲስ የሚጠራው ለወረቀት አይደለም።

ብርቱካንማው ዝቃጭ አያስደንግጥሽ። ብረት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። የከርሰ ምድር ውሃ ብረት ይዞ አየር ሲያገኝ ይፈጠራል፤ በየምንጩ አለ። ቅባት የሚመስለውን በእንጨት ንኪው፤ እንደ ስብርባሪ ከተቆራረጠ የባክቴሪያ ነው፤ ተመልሶ ከተገጣጠመ ዘይት ነው።

እርጥበቱ መሃል እየፈላ የሚወጣ ውሃ፣ ዙሪያውን የጉንዳን ኩይሳ የመሰለ የአሸዋ ክምር ካየሽ ግን ጠርሙስም አትፈልጊ። ያ የአፈሩ መውጣት ማስረጃው ነው።

አንቺ ግን እንደዋዛ ጣል ያደረግሽው ነገር ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ። አናቱ ላይ ዝቅ ያለው ቦታ፣ ከብረት ቱቦው መስመር በላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ?

---

ሐይቅ_ዳር፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ ልክ ከቱቦው በላይ ነው። ቱቦው ሐይቁ ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ ከዚያ በግድቡ ሆድ አልፎ ታች ጅረቱ ጋ ይወጣል። ዝቅ ያለው ቦታ በዚያው መስመር ላይ ነው። ቱቦው ሸንተረር ሸንተረር ያለው የብረት ዓይነት ነው፤ መውጫው ጋ የታችኛው ክፍል በልቶት ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል።

ጠርሙሱን ሞልቼው አሳድሬዋለሁ። ጥርት ያለ ነው።

---

አሸዋና_ጠጠር፦

እንግዲያው ግርጌው ሁለተኛ ጉዳይ ሆነ። አንደኛው ቱቦው ነው።

ሸንተረር ያለው የብረት ቱቦ ርካሽ ነው፤ በትንንሽ የግል ግድቦች ውስጥ በየቦታው ተቀብሯል። ግን ይዝጋል። ብዙ ጊዜ የሚቆየው ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው፤ ግድቡ ግን ከዚያ በላይ እንዲቆም ይጠበቃል። ቱቦው ሲበሳ ወይም መገጣጠሚያው ሲላቀቅ ዙሪያው ያለው አፈር ወደ ውስጥ ይገባል። ቱቦው ውስጥ የሚሮጠው ውሃ ደግሞ ይዞት ይሄዳል። ከላይ የምታዩት የሚሰምጥ መንገድ ነው። አፈር እየደፋችሁ ስትሞሉት ቱቦውን ስትመግቡት ነበር ማለት ነው።

አፈር መድፋቱ ይቁም። በዚያ ቦታ ላይ ተሽከርካሪም የሣር ማጨጃ ትራክተርም አይለፍ። ቱቦው ውስጥ በካሜራ ይታይ። ካሜራ በሽቦ የሚያስገቡ ድርጅቶች አሉ፤ የፍሳሽ መስመር የሚያዩት እነሱው ናቸው። ሰው ግን እንዳይገባበት፤ በጭራሽ።

---

ቤት_ለቤት፦

እኔ ጆርጂያ ውስጥ ቤት በማሻሻጥ ነው የምተዳደረው፤ ስለዚህ የወረቀቱን ጎን ልጨምር። «የማን ነው?» ለሚለው መልሱ አንዳንዴ ያስደነግጣል።

የግድቡ ባለቤት ብዙ ጊዜ ማኅበሩ ነው። ግን ማኅበር የሌላቸው ሰፈሮች አሉ። አንዳንዴ ግድቡ የተመዘገበው ቤቶቹን በሠራው ኩባንያ ስም ሆኖ ይቀራል፤ ኩባንያው ከፈረሰ ቆይቷል። አንዳንዴ ደግሞ የግቢው ወሰን መስመር ሐይቁ ውስጥ ወይም ግድቡ ላይ ያልፋል። ያኔ «ሐይቅ የሚያይ ቤት» የገዛው ሰው ሳያውቀው የግድብ ቁራጭ ገዝቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ፕላቱን፣ ማለት የመሬቱን የሽንሸና ካርታ፣ ከካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ መዝገብ አውጪ። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብም አብረሽ አንብቢ፤ ግድቡ ተጠቅሷል ወይ?

ሁለተኛ፣ ስቴቱ የግድብ ደኅንነት ክፍል አለው፤ ሴፍ ዳምስ ይሉታል፤ በአካባቢ ጥበቃው ክፍል ሥር ነው። በሕጉ የሚያያቸው ቁመታቸው 25 ጫማ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑትን ወይም 100 ኤከር ፉት ውሃ የሚይዙትን ነው። አንድ ኤከር ፉት ማለት አንድ ኤከር መሬት በአንድ ጫማ ጥልቀት የሚሸፍን ውሃ ነው። ከነዚህ መሃል ቢናድ ሰው ይገድላል ተብሎ የሚታሰበው ምድብ አንድ ይባላል። ምድብ አንድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጥብቅ ነው። ሌላው ምድብ ሁለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምድቡ ስለ ግድቡ ጤንነት አይናገርም። ቢናድ ምን ያጠፋል ነው የሚለው። አዲስ የተሠራ፣ እንከን የሌለው ግድብ ምድብ አንድ ሊሆን ይችላል። ጫካ መሃል ያለ፣ ሊወድቅ የተቃረበ ደግሞ ምድብ ሁለት።

ሌላም ጉድ አለ። ግድቡን ማንም ሳይነካው ምድቡ ሊለወጥ ይችላል። ታች ባዶ የነበረ መሬት ላይ አንድ ሰው ቤት ሲሠራ ግድቡ ከሁለት ወደ አንድ ይወጣል። ያኔ ማስተንፈሻው፣ ማለት ትርፍ ውሃ የሚወጣበት፣ ለከባድ ጎርፍ እንዲበቃ አድርጉ ይባላል፤ ወጪው የላይኛዎቹ ነው። አትላንታ ዙሪያ ይህ የተለመደ ነው፤ ከተማው ወደ ጅረቱ ዳር ነዋ የሰፋው።

---

ናይሮቢ_ነኝ፦

ለ«ዝምተኛው» አንድ ነገር ልበል። እኔ ኬንያ ነው የምኖረው። ናኩሩ ካውንቲ፣ ሶላይ የምትባል ቦታ አለች። ሜይ 9 ቀን 2018 ማታ፣ ከኮረብታው ላይ ያለ የአንድ ትልቅ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ተናደ። ፓቴል ግድብ ይሉታል። ወሩ የዝናብ ነበር። ሰው እራት ላይ ነበር። 48 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሕፃናትና እናቶች ነበሩ።

በኋላ የአገሪቱ የውሃ ባለሥልጣን ግድቡ ፈቃድ አልነበረውም አለ። ልብ በሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል፣ ከኮረብታው ላይ ተቀምጧል፣ ወረቀት ላይ ግን የለም። ተከሳሾቹ በ2020 መጀመሪያ ነፃ ተባሉ፤ በዚያው ዓመት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሽሮ ክሱ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ለሟች ቤተሰብ ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?

ዝም አይነቅዝም ያልከው ለሐሜት ነው የሚሠራው፤ ለውሃ አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

---

ዝምተኛው፦

ያ ኬንያ ነው ወንድሜ። እዚህ ሕግ አለ፣ ቁጥጥር አለ። አታስፈራሩ።

---

ስቶን_ማውንቴን፦

ሕጉ ከየት መጣ ብለህ ታስባለህ? የጆርጂያ የግድብ ሕግ የወጣው በ1978 ነው። ለምን በ1978? በኖቬምበር 6 ቀን 1977፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ሰሜን ጆርጂያ ቶኮዋ ውስጥ ኬሊ ባርንስ የሚባል የአፈር ግድብ ስለተናደ ነው። ታች የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነበር። 39 ሰው ሞተ። ባለቤቱ ራሱ ኮሌጁ ነበር። መጀመሪያ በእንጨትና በድንጋይ የተሠራ ትንሽ ግድብ ነበር፤ ከዚያ ለመብራት ተብሎ አፈር እየተደረበ ከፍ አለ። መብራት ማመንጨቱ በ1957 ሲቆም ግድቡ ለመዝናኛ ቀረ፤ ሐይቅ ሆነ፤ ሰው ዓሣ ያጠምድበት ነበር። የኋለኛው ተዳፋት ከዓመታት በፊት ተንሸራቶ እንደነበር በፎቶ ይታያል። የፌዴራሉ መርማሪ ቡድን «ይህ ነው» ብሎ አንድ ምክንያት መለየት አልቻለም፤ ተደራርቦ ነው የመጣው።

ፕሬዚዳንቱ ጂሚ ካርተር ነበሩ፤ የጆርጂያ ሰው። ከዚያ በኋላ ነው በመላ አገሪቱ አደገኛ የተባሉ የግል ግድቦች በሠራዊቱ መሐንዲሶች እንዲፈተሹ ያዘዙት። የምርመራው ሕግ ግን ከ1972 ጀምሮ ነበር፤ ገንዘብ ነበር ያልተመደበለት። ስለዚህ «ሕግ አለ» ስትል ሰው እስኪሞት የጠበቀ ሕግ ነው የምትለው።

---

ሚሺጋን_ብርዱ፦

እኛ ጋ እኮ ትናንትና ነው፤ በ2020። ኤደንቪል ግድብ። ባለቤቱ የግል ኩባንያ ነው። ማስተንፈሻው ለከባድ ጎርፍ አይበቃም ተብሎ ለዓመታት ሲጨቀጨቅ ኖሮ፣ የፌዴራሉ የኃይል ተቆጣጣሪ በ2018 የማመንጨት ፈቃዱን ነጠቀው። ፈቃዱ ሲነጠቅ ቁጥጥሩ ወደ ስቴቱ ዞረ። ግድቡ ግን እዚያው ነው፤ ውሃው እዚያው ነው። ሜይ 19 ተናደ፤ ታች ያለውን ሳንፎርድ ግድብንም ይዞት ሄደ። ወደ 10,000 ሰው ከቤቱ ወጣ። ተመስገን፣ ሰው አልሞተም። ቀድመው አስለቅቀው ነበራ።

የሚገርመው ውሃው በአናቱ አልፈሰሰም። መርማሪዎቹ በ2022 እንዳወጡት፣ ግድቡ ውስጥ በ1920ዎቹ በወጉ ሳይጠቀጠቅ የቀረ ልል አሸዋ ነበር። ውሃው ከወትሮው ከፍ ሲል አሸዋው በቅጽበት ጉልበቱን አጣና እንደ ፈሳሽ ሆነ። አንድ ጎረቤት በስልኩ ቀርጾታል፤ ተዳፋቱ ባንዴ ሲንሸራተት ይታያል። ወደ መቶ ዓመት የቆመ ግድብ ነው እንግዲህ። «ስንት ዓመት ቆሞ የለ» ላልከው።

---

ደብረዘይት_ልጅ፦

ይህን ውይይት ስላገኘሁት አመሰግናለሁ። እኔ ቢሾፍቱ አካባቢ ለአትክልት መስኖ የምጠቀምባት ትንሽ የአፈር ግድብ አለችኝ። አፈሩ ዋልካ ነው። በጋ ላይ አናቷ ይሰነጠቃል፤ እጅ ያስገባል። ክረምት ሲመጣ መልሶ ይገጥማል። ጋሽ መሐንዲስ፣ ችግር አለው?

---

አሸዋና_ጠጠር፦

አለው። ዋልካ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲርስ ያብጣል። «መልሶ ይገጥማል» የምትለው ላዩ ነው። ሐይቁ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ቶሎ ሲሞላ ስንጥቁ ገና አልገጠመም፤ ውሃው በስንጥቁ ይገባል። ስለዚህ ዋልካ ላዩ ላይ ሳይሸፈን አይተውም። ከላይ የማይሰነጠቅ ሌላ አፈር፣ ቀይ አፈር ወይም ጠጠርማ ሰለክት አልብሰው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ስንጥቁን ቆፍረህ፣ እያረጠብክ ጠቅጥቀህ ሙላው። ከላይ ብቻ አፈር ማፍሰስ አይበቃም።

የኛ አገር ግድብ ጠላቱ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ትግራይ ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በኮሳርት፣ ማለት በክልሉ የግብርናና የአካባቢ መልሶ ማልማት ኮሚሽን፣ ጊዜ ብዙ ትንንሽ የአፈር ግድቦች ተሠርተው ነበር። ያስቸገረን ደለልና ስርገት ነው። አንዳንዱ በተሰነጣጠቀው አለት በታች ውሃው ሾልኮ እንደታሰበው ሳይሞላ ቀረ። ገበሬው ግን ብልህ ነው፤ ታች የወጣውን ስርገት ጠልፎ አጠጣበት። ይሁንና ያንተ ዓይነት ግድብ ከሆነ ፍልፈልና ጃርት እንዳይገቡበት ተከታተል። የጃርት ጉድጓድ በተዳፋት ውስጥ ሩቅ ይሄዳል።

ማስተንፈሻ አለህ? ጎን ላይ፣ ባልተነካ መሬት የተቆረጠ ቦይ? ከሌለህ ዋልካውን ተወውና እሱን ቁረጥ። በአፈር ግድብ አናት ላይ ውሃ አያልፍም። ካለፈ ሰዓታት ነው።

---

ደብረዘይት_ልጅ፦

አለኝ ግን ጎረቤቴ በቆሎ ዘርቶበታል።

---

አሸዋና_ጠጠር፦

😀 በቆሎው ይነቀል።

ቀልዴን አይደለም። ሃዋይ ውስጥ፣ ካዋይ ደሴት ላይ፣ ካ ሎኮ የሚባል የግል ግድብ በማርች 14 ቀን 2006 ተናዶ 7 ሰው ገድሏል። ማስተንፈሻው በአፈር ተሞልቶ ነበር። ባለቤቱ በኋላ ታስሯል።

ሐይቅ_ዳር፣ የአንቺም ሰፈር ወንፊት ሽቦ ከዚሁ ይቆጠራል። በ1889 ፔንስልቬንያ፣ ከጆንስታውን በላይ፣ የፒትስበርግ ሀብታሞች ክለብ አንድ አሮጌ ግድብ ነበረው። እነ ካርኔጊ፣ የብረት ከበርቴው፣ አባል ነበሩ። ዓሣው እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አድርገው ነበር። ውሃ ማስለቀቂያ ቱቦዎቹ ቀድሞ ወጥተው ተሸጠዋል። ለሠረገላ መንገድ ይሰፋ ተብሎ አናቱም ዝቅ ተደርጓል። ሜይ 31 ዝናቡ ሲመጣ ወንፊቱ በቅጠልና በግንድ ተደፈነ። 2,209 ሰው ሞተ። ክለቡ በፍርድ ቤት አንድም ሳንቲም አልተፈረደበትም።

ዓሣ ይገዛል። ወንፊቱ ዛሬ ይነሳ። ቆሻሻ የሚይዝ ፍርግርግ ካስፈለገ ክፍት ክፍት ያለ፣ ትልቅ፣ በየጊዜው የሚጸዳ ይሁን።

---

ሐይቅ_ዳር፦

ወሬ ላምጣ። ፕላቱን አወጣሁ። ግድቡ በማኅበሩ ስም ነው፤ ግን አንዱ ጫፍ የአንድ ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ገብቷል። ሰውዬው አያውቅም ነበር። ወረቀቱን ሳሳየው ቡና አፍልተው ጠሩኝ፤ አሁን ዋናው አጋሬ እሱ ነው።

የስቴቱን ክፍል በስልክ አገኘኋቸው። ግድቡ መዝገባቸው ላይ አለ፤ በምድብ ሁለት። ታች ቤት ከተሠራ በኋላ ታይቶ እንደሆነ ስጠይቅ እንደገና እንደሚመለከቱት ነገሩኝ። ማኅበሩም ይህን ሲሰማ መሐንዲስ ቀጠረ።

ካሜራው ገባ። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ቱቦው ከመሃል ላይ መገጣጠሚያው ተላቅቋል፤ ጎኑ ላይ አፈር ተከምሮ ይታያል፤ ከላይ ደግሞ ጥቁር ባዶ ቦታ። ልክ መንገዱ ከሰመጠበት ሥር። የጥድ ሥር በቀዳዳው ገብቶ ተንጠልጥሏል።

አሁን ጭቅጭቁ ገንዘብ ነው። ከየቤቱ ተጨማሪ መዋጮ ይሰበሰብ ሲባል ስብሰባው ፈረሰ። ከሐይቁ የራቁት «እናንተ ናችሁ የምታዩት፣ እናንተ ክፈሉ» አሉ። መሐንዲሱ እስከዚያ ውሃውን ዝቅ እናድርግ ይላል። አንዳንዱ ባንዴ ይልቀቁትና ይገላግሉን ይላል። ጋሼ፣ ባንዴ ቢለቀቅስ?

---

አሸዋና_ጠጠር፦

ባንዴ አይለቀቅም። የሐይቁ ወገን ያለው ተዳፋት ለዓመታት ውሃ ጠጥቶ ነው የቆመው። ውሃው ከፊቱ በድንገት ሲሸሽ ውስጡ ያለው ውሃ አብሮ አይወጣም። የሚደግፈው ጠፍቶ ክብደቱ ይቀራል፤ ከዚያ ወደ ሐይቁ ይንሸራተታል። ብዙ መሐንዲሶች የሚጀምሩት በቀን ከአንድ ጫማ ባልበለጠ ነው፤ ማለት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የእናንተው መሐንዲስ አፈሩን አይቶ ይወስናል። ይህ ግን ጊዜ ሲኖር ነው። የደፈረሰ ውሃ መፍሰስ ከጀመረ ስሌቱ ሌላ ነው።

በዚያ በተላቀቀ ቱቦም ማስለቀቅ አይሆንም፤ አፈሩን ይብስ ይወስደዋል። በግድቡ ላይ የሚሻገር ሳይፎን፣ ማለት ውሃውን ያለ ሞተር ስቦ የሚያሻግር ቱቦ፣ ወይም ፓምፕ ይጠቀሙ።

ጥዶቹን ማንም በመጋዝ ይዞ እንዳይነሳ። ትልቅ ዛፍ ቆርጠህ ሥሩን ከተውከው ሥሩ ይበሰብስና ለውሃ መንገድ ይሆናል። ትልልቆቹ የሚወጡት ከነሥራቸው ተነቅለው፣ ጉድጓዱ በንብርብር ተጠቅጥቆ ነው፤ ያውም ውሃው ዝቅ ካለ በኋላ። ትንንሾቹን ቡቃያዎች ግን ዛሬም ቁረጡ። ሣር ብቻ ይብቀልበት።

ቱቦውን መጠገን ስትመጡ ሁለት መንገድ አለ። ሌላ ቱቦ በውስጡ አስገብቶ መሃሉን በሲሚንቶ መሙላት፤ ይህ ይረክሳል፤ ግን ውጭ የተፈጠረው ባዶ ቦታ አብሮ መሞላት አለበት። ወይም ግድቡን ቆርጦ አዲስ ኮንክሪት ቱቦ ማስገባት፤ ይህ ውድ ነው፤ ግን ፊልተሩንም፣ ግርጌውንም ባንዴ ትሠሩታላችሁ። የእናንተን ቪዲዮ ከሰማሁ በኋላ እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

---

ቤት_ለቤት፦

ስለ ገንዘቡ። ሦስተኛ መንገድም እንዳለ ለስብሰባው ንገሪያቸው፤ ግድቡን በፈቃድ አፍርሶ ጅረቱን ወደ ድሮው መመለስ። ብዙ ማኅበሮች ሒሳቡን ሲያዩ ይህን መርጠዋል። ሐይቅ የሚያይ ቤት የሚለው ይቀራል። ከሐይቁ የራቁት ግን ይህን ሲሰሙ ድምፃቸው ይለወጣል፤ የሰፈሩ ዋጋ ሐይቁ መሆኑን ያውቁታላ።

---

ታች_ሰፈር፦

እኔ እንዲህ ካለ ሐይቅ በታች ነው የምኖረው፤ ሜሪላንድ። ከላይ ያሉት ስለ መዋጮ ይጨቃጨቃሉ፤ እኛ ስብሰባው ላይ እንኳ አንጠራም። ምን ማድረግ እንችላለን? የቤት ኢንሹራንሴ ይሸፍናል?

---

ስቶን_ማውንቴን፦

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ነው የሚገዛው፤ በፌዴራሉ ፕሮግራም በኩል ያለው ከግድብ መናድ የመጣ ጎርፍንም ይይዛል። ግን ከገዛህበት ቀን ጀምሮ በተለመደው 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም። ዝናቡ ሲጀምር ልግዛ ማለት የለም።

የአገሪቱን የግድቦች መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታየዋለህ። ከ90,000 በላይ ግድቦች አሉበት፤ አብዛኞቹ የግል ናቸው። ያንተን ፈልገህ የአደጋ ደረጃውን፣ የሁኔታ ግምገማውን፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንዳለው እይ። ዕቅድ ካለ ውሃው እስከየት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ ይኖረዋል፤ ከካውንቲህ የአደጋ ጊዜ ቢሮ ጠይቅ።

---

ኮንትራክተሩ፦

ጋሼ መሐንዲስ፣ ሸክላውን በተመለከተ አስተምረውኛል፤ እሺ። ግን አንድ ጥያቄ። ሌሊት ላይ የደፈረሰ ውሃ ብናይስ? መሐንዲስ የት ይገኛል?

---

አሸዋና_ጠጠር፦

መጀመሪያ 911። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አይደለም፣ መሐንዲሱ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። «ግድብ እየተናደ ነው፤ ታች ሰው አለ» በሉ፤ አድራሻውን ተናገሩ። ቀጥሎ የታች ቤቶችን ቀስቅሱ፤ ስልክ ቁጥራቸው አሁኑኑ ይመዝገብ። ፎቶ ለማንሳት ግድቡ ላይ አትውጡ፤ ግርጌውም አትቁሙ። ከጎን፣ ከኮረብታው ላይ ሆናችሁ እዩ።

---

ሐይቅ_ዳር፦

የታችኞቹን ስልክ መሰብሰብ ጀምረናል። አንደኛዋ ባለቤት ከነጭራሹ ከላይዋ ሐይቅ እንዳለ አታውቅም ነበር። ወንፊቱ ተነስቷል። ውሃው በሳይፎን ቀስ እያለ እየወረደ ነው። የመዋጮው ድምፅ በሚቀጥለው ስብሰባ ይሰጣል፤ ቤት_ለቤት ያልሽኝን የማፍረሱን አማራጭም አጀንዳ ላይ አስይዣለሁ።